ወዳጅ የነበረ ሰው ደጃፍ ላይ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ተረት ዓለም ጽሑፍ መውጣቱን የማይወዱ ጓደኞች እንዳሉን እናውቃለን። «አገሩ ይህን ያህል ችግር ሞልቶት ሳለ ስለ አስማተኛና ስለ ድንክ መጻፍ ወረቀትና ቀለም ማባከን ነው» ይሉናል። ነገሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አንልም፤ ወረቀቱም ቀለሙም በነጻ አይመጣም። ይሁን እንጂ ተረት ሁሉ ከችግር መሸሺያ ነው የሚለውን አሳብ አንቀበለውም። በጋዜጣ ሲነሣ ወዲያው ወገን ለይተን የምንጯጯህበት፣ በሌለ አገርና ባልተወለዱ ሰዎች ላይ ሲተረክ ግን ረጋ ብለን ልንመረምረው የምንችል ጉዳይ አለ። ዛሬ የምናነሣው ከዚህ ዓይነቱ ነው፤ ይኸውም ትናንት ወዳጅ የነበረ፣ ዛሬ ግን ቂም ቋጥሮ ለበቀል የተነሣ ሰው ፊት ለፊት ሲገጥመን እንዴት አድርገን እንቁም የሚለው ነው።

ከመጀመሪያው ጠላት ሆኖ የመጣ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። አብረነው የበላነው እንጀራ፣ የነገርነው ምሥጢር የለም፤ ስንሸሸውም ስንገጥመውም ከራሳችን ጋር አንጣላም። ወዳጅ የነበረው ግን የት ላይ ቢነካን እንደሚያመን ያውቃል። እኛም እሱን ስንመታ አብረን ያሳለፍነውን ዘመን መምታታችን አይቀርም። በአንድ መኝታ ክፍል አድረው፣ በአንድ ማስታወሻ ደብተር አጥንተው ለፈተና የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ሲጣሉ ጠቡ ከሌላው ጠብ ሁሉ የሚመርረው ስለዚህ ይመስለናል። በምሳ ሰልፍ ላይ የቀድሞ ጓደኛውን አይቶ ባዶ ሳህኑን እንደ ያዘ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

ለምርመራችን የመረጥነው መጽሐፍ ፕሮፌሰር ጄ. አር. አር. ቶልኪን የጻፉት «የቀለበቶቹ ጌታ» ነው። በሦስት ጥራዝ ተከፍሎ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ታተመ። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1892 ዛሬ ደቡብ አፍሪካ በሚባለው አገር በብሉምፎንቴን ከተማ ተወልደው በእንግሊዝ አገር ያደጉ፣ በኦክስፎርድም የጥንቱን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ጦር ሜዳ ተሰልፈዋል፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈጸምም ከቅርብ ጓደኞቻቸው መካከል ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ሁሉ ሞተው ነበር። ስለዚህ ስለ ወዳጅነት ሲጽፉ የቃላት ጨዋታ እየተጫወቱ አይደለም።

አብዛኛው አንባቢ ከመጽሐፉ የሚያስታውሰው ቀለበቱንና የክፋት ሁሉ ራስ የሆነውን ሳውሮንን ነው። እኛ ግን በሳውሮን አንደክምም። ሳውሮን ሩቅ ነው፤ ፊቱ አይታይም፤ ለጋንዳልፍም ለፍሮዶም ወዳጅ ሆኖ አያውቅም። ጉዳያችን ከሳሩማን ጋር ነው።

ሳሩማንና ጋንዳልፍ ከባሕር ማዶ ለአንድ ተልእኮ የመጡ፣ የአንድ ማኅበር አባላት የሆኑ ጠቢባን ናቸው። ሳሩማን የማኅበሩ አለቃ፣ በዕውቀቱም የተፈራ ነበር። ጋንዳልፍ ምክር ሲቸግረው የሚሄደው ወደ እሱ ነበር። ታዲያ ጠቡ ከየት መጣ? ዋናው መጽሐፍ በዚህ ላይ ብዙ አይናገርም። ነገር ግን ደራሲው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ክሪስቶፈር ቶልኪን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሟቸው ያላለቁ ጽሑፎች ውስጥ ነገሩ ተብራርቶ ይገኛል። ጠቢባኑ ወደዚያ አገር በደረሱ ጊዜ የወደቡ ጠባቂ ከፍተኛ ኃይል ያለውን ቀይ ቀለበት በምሥጢር የሰጠው ለአለቃው ለሳሩማን ሳይሆን ለጋንዳልፍ ነበር። ሳሩማን ይህን ኋላ ሲደርስበት በሆዱ ያዘው። ከዚያ በኋላ ጋንዳልፍ የሚሠራው ሁሉ በእሱ ላይ የተሠራ መሰለው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ጋንዳልፍ ሻየር በምትባል አገር የሚኖሩትን ሆቢቶች፣ እነዚያን ቁመተ አጭር፣ ምግብና ጨዋታ ወዳድ ገበሬዎች ይወዳቸው ነበር፤ የእነሱንም ትምባሆ በፒፓ ማጨስ ከእነሱ ተምሮ ነበር። ሳሩማን በጉባኤ ፊት በዚህ ያፌዝበታል፤ ለትልቅ ሰው የማይገባ የገበሬ ልማድ ነው ይለዋል። ከዚያም በድብቅ ራሱ ማጨስ ይጀምራል። ጋንዳልፍ ከእነዚያ ተራ ሰዎች ምን እንደሚያገኝ ለማወቅ መልኩን ለውጦ ወደ ሻየር ይመላለሳል፤ እንዳይታወቅበት ሲፈራ ደግሞ መሄዱን ትቶ ትምባሆውን በስውር ያስመጣል።

ይህ የትምባሆ ነገር ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን ከመጽሐፉ ታላላቅ ጦርነቶች ሁሉ ይልቅ እውነት ሆኖ ያገኘነው ይህን ነው። ቅናት የሚያፌዝበትን ነገር በልቡ ይመኘዋል። የጓደኛውን ግጥም በሰው ፊት ሲያናንቅ ውሎ ማታ ሁሉ ሲተኛ በመብራት ሥር የሚገለብጠውን ሰው አናውቀውም እንዴ? እንዲህ ያለው ሰው ጓደኛውን የሚጠላው ክፉ ስለ ሆነበት አይደለም። ጓደኛው ሳይጥር ያገኘውን እሱ ጥሮም ስላላገኘው ነው። በኋላ ይህ ጥላቻ የፖለቲካ ልብስ ይለብሳል፤ የመርሕ ልብስ ይለብሳል፤ ከሥሩ ግን ያቺ የትምባሆ ከረጢት አለች።

ጋንዳልፍ ለምክር ብሎ ወደ ሳሩማን ግንብ በሄደ ጊዜ ሳሩማን ከኃይለኛው ጋር አብረን እንሁን ይለዋል፤ እምቢ ሲለውም ኦርታንክ በተባለው ግንብ ጫፍ ላይ አሰረው። ጋንዳልፍ ያመለጠው ንስር ይዞት በመብረሩ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ የተበደለው ጋንዳልፍ ሆኖ ሳለ ቂም የያዘው ሳሩማን ነው። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ትክክል ነው። ነገር ግን ተረቱ ያላነሣው ሌላ ዓይነት ሰው አለ፤ ወግቶ የማይረሳ፣ የወጋውን ሰው በሕይወት ማየቱ ብቻ የሚያቃጥለው። ከሁለቱ ይልቅ ይህኛው ይከፋል፤ ምክንያቱም ካሣ ቢሰጡት የሚቀበልበት በደል በእጁ የለም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው መገናኘት እንምጣ። የሳሩማን ጦር ተሸንፏል፤ ግቢው በጎርፍ ተጥለቅልቋል፤ እሱ ግን በግንቡ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። ጋንዳልፍ ከንጉሥ ቴዎደንና ከጥቂት ሰዎች ጋር ወደ በሩ ይሄዳል። ለምን ሄደ? ጦርነቱ ገና አላለቀም፤ ሌላ የሚያጣድፍ ሥራ ነበረው። የሄደው ለወዳጅነቱ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሊሰጥ ነው። ሲሄድ ግን ተሞኝቶ አልሄደም። ሳሩማን የቀረው አደገኛ መሣሪያ ድምፁ መሆኑን ለጓደኞቹ አስቀድሞ ነግሯቸዋል።

የዚያን ድምፅ ነገር ደራሲው በሚገባ አስተውለውታል። ሳሩማን ሲናገር የሚሰማው ሁሉ ትሑትና አስተዋይ ይመስላል፤ የሚቃወመው ሰው ግን ባለጌና ጨቅጫቃ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ንጉሡን ያባብለዋል። ንጉሡ የሞቱበትን ሰዎች አስታውሶ እምቢ ሲለው ድምፁ ለአንድ አፍታ ይለወጥና ስድብ ይወጣዋል። ወዲያው ተመልሶ ለጋንዳልፍ በጣፋጭ ቃል የድሮውን ጓደኝነት ያነሣል፤ እኛ ሁለታችን ከእነዚህ ሁሉ በላይ ነን፣ ወደ ላይ ውጣና ብቻችንን እንነጋገር ይለዋል። በዚያ ሰዓት ከታች የቆሙት ሰዎች ጋንዳልፍ ሊከዳቸው ነው ብለው መፍራታቸውን መጽሐፉ ይነግረናል። ቂመኛ የሆነ የቀድሞ ወዳጅ ዋና ስልቱ ይህ ነው። ዛሬ ከጎናችን ከቆሙት ሰዎች ሊለየን የትናንቱን ትዝታ ይጠቀምበታል። ጋንዳልፍ በዚህ ጊዜ ምን እንዳደረገ አንባቢ ያስታውሳል፤ ሳቀ። ሳቁ የንቀት አልነበረም፤ ድግምቱን ያፈረሰው ግን እሱ ነው።

ከሳቁ በኋላ ያቀረበለትን ስምምነት በተለይ እንወደዋለን። ነጻ ሆነህ ወደምትፈልግበት ልትሄድ ትችላለህ፤ ነገር ግን የግንቡን ቁልፍና በትርህን መያዣ አድርገህ ትሰጠናለህ፤ መልካም ሆነህ ስትገኝ ይመለስልሃል አለው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ሽማግሌ ተቀምጦ ሁለት ሰዎችን ሲያስታርቅ ዋስ ይጠራል፤ ያለ ዋስ የሚፈጸም ዕርቅ ዕርቅ አይባልም። ይቅርታና ዋስትና አብረው ይሄዳሉ። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይቅር ማለት ማለት ምንም ሳይጠይቁ እንደ ጥንቱ አቅፎ መሳም ነው ብለው ያስባሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ዋስ መጠየቅ ክፉ ልብ ነው ይላሉ። ጋንዳልፍ ሁለቱንም አልተቀበለም። ሳሩማን እምቢ ባለ ጊዜም አልገደለውም፤ ከማኅበሩ አስወጣው፣ በትሩን ሰበረው፣ ትቶትም ሄደ። ይህን ድካም ነው የሚሉትን ሰዎች አንስማማባቸውም። መሣሪያውን ከእጁ ማስጣል አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን ማጥፋት ሌላ ነገር ነው።

ድምፁ ግን ቀረ። ግንቡን ይጠብቅ የነበረው የዛፎች እረኛ ትሪቢርድ ሕይወት ያለውን ነገር አስሮ ማቆየት ስለ ከበደው ሳሩማን አባብሎት ወጣ። በመንገድም ላይ የለማኝ ልብስ ለብሶ፣ ግሪማ የተባለ አሽከሩን እየረገጠ ሲሄድ ጋንዳልፍና ሌሎቹ አገኙት። እርዳታ ቢያቀርቡለት አልፈለገም። ሜሪ የተባለው ሆቢት ራርቶ የትምባሆ ከረጢቱን ሰጠው፤ ሳሩማንም ነጥቆ ወሰደው፤ ለተዘረፍኩት ይህ ምን ያህል ነው ብሎ ተራግሞ ሄደ። ያች ትምባሆ መጨረሻው ላይ እንደገና ብቅ ማለቷ በከንቱ አይመስለንም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኛን ብዙ ያነጋገረን። ሳሩማን ጋንዳልፍን ሊገጥመው አይችልም፤ ነገሥታቱንም ሊነካቸው አይችልም። ስለዚህ ወደ ሻየር ሄደ። በዚያም ቀድመው ሥልጣን የያዙ ሰዎችን መሣሪያ አድርጎ አገሩን ማበላሸት ጀመረ። ዛፎቹ ተቆረጡ፤ መጠጥ ቤቶቹ ተዘጉ፤ አዲሱ ወፍጮ ጭስና ግማት እያወጣ ወንዙን አቆሸሸ። ሆቢቶቹ ሁሉ ይሰበሰቡበት የነበረው ትልቅ ዛፍ እንኳ ተቆርጦ ተጋድሞ ቀረ፤ ለማገዶም ለቤትም አልተፈለገም። ከዚህ ሁሉ ሳሩማን ያተረፈው አንዳች ነገር የለም። የፈለገው ጋንዳልፍና ወዳጆቹ የሚወዱት ቦታ ደስታ የሌለበት ሆኖ እንዲያገኙት ብቻ ነው።

ወዳጅ የነበረ ሰው በቀል ከጠላት በቀል የሚለየው በዚህ ይመስለናል። ጠላት የሚመታው ጉልበታችንን ነው። ወዳጅ የነበረው ግን የምንወደውን ስለሚያውቅ ወደዚያ ይሄዳል፤ የሚመታውም ራሱን ሊከላከል የማይችለውን ነው፤ ታናሽ እኅትን፣ ስምን፣ በአደራ የተሰጠ ቃልን። ስለዚህ «እኔን እንጂ ሌላውን አይነካም» ብሎ የሚዝናና ሰው አልገባውም።

አራቱ ሆቢቶች ከጦርነቱ ሲመለሱ አገራቸውን በዚህ ሁኔታ አገኟት። እዚህ ላይ ፍሮዶ የያዘውን አቋም በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ ብዙ ሰው የዋህ ብሎ ያልፈዋልና። ፍሮዶ ወራሪዎቹን አትንኩ አላለም። ውጊያ ተደርጓል፤ አሥራ ዘጠኝ ሆቢቶችና ሰባ የሚያህሉ ወንበዴዎች ሞተዋል። እሱ ራሱ ሰይፍ አልመዘዘም። የሠራው ሥራ ወገኖቹ በሟቾቻቸው ተናደው መሣሪያቸውን የጣሉትን ሰዎች እንዳይገድሉ መከልከል ነበር። ማስቆም ሌላ፣ መበቀል ሌላ መሆኑን በአንድ ቀን ውስጥ በሥራ ለይቶ አሳይቷል። እኛ በክፍል ውስጥ በንድፈ አሳብ ስንከራከርበት የምንውለውን ማለት ነው።

ከዚያ ሳሩማን በፍሮዶ በራሱ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይገኛል። ደሙ ቢፈስ አገሩ እንደሚደርቅ እየተናገረ ያስፈራራል። ፍሮዶ ከድምፁ በቀር ምንም ኃይል እንደሌለው ነግሯቸው፣ ይሂድ፣ አትግደሉት ይላል። ሳሩማን በአጠገቡ ሲያልፍ ቢላዋ መዝዞ ይወጋዋል። ቢላዋው ፍሮዶ ከልብሱ ሥር በለበሰው ጥሩር ላይ ተሰበረ። ሳም ሰይፉን ይመዝዛል፤ ፍሮዶ አሁንም አትንኩት ይላል። አንድ ጊዜ ታላቅ ነበረ፤ እኛ እጃችንን ልናነሣበት የማንደፍረው ሰው ነበረ፤ ስለ መዳኑ ተስፋ አንቁረጥ ይላል። ሳሩማን በዚህ ቃል የሚያሳየው ምሬት በሰይፍ ቢመታ ከሚያሳየው ይበልጣል። ፍሮዶን ይጠላዋል፤ ጥላቻውም ከአክብሮት ጋር የተደባለቀ ነው።

ደራሲው በዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ታሪክ ይሆን ነበር። አላቆሙም። ሳሩማን በሩ ላይ አሽከሩን ግሪማን ያዋርደዋል፤ ለሱ ብሎ የሠራውን ግድያ በሰው ፊት ያወጣበታል፤ ፊቱን ይረግጠዋል። ግሪማም ከኋላው ዘሎ አንገቱን ያርደዋል፤ ራሱም ወዲያው በሆቢቶች ቀስት ይሞታል። ስለዚህ ምሕረቱ ሳሩማንን አላዳነውም። ምሕረት ሁልጊዜ ዋጋውን ያወጣል ብለው የሚሰብኩን ሰዎች በዚህ መጽሐፍ ሊመሰክሩብን አይችሉም። ፍሮዶ የማረው ይጠቅማል ብሎ አይደለም፤ ሌላው ነገር ሁሉ የሳሩማንን ሥራ መቀጠል ስለሚሆንበት ነው። በዚያ ላይ ጥሩር ለብሶ ነበር። ይህን አንዘንጋ! በቀለኛን ይቅር ለማለት የሚሄድ ሰው ጥሩር መልበሱ ነውር አይደለም።

የኒውዚላንዱ ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ2002 እና በ2003 በሦስት ፊልም ሠርቶታል። ፊልሞቹ መልካም ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻ አሥራ አንድ የኦስካር ሽልማት ወስዷል። ነገር ግን የሻየርን መበላሸት ጨርሶ ተውት። ሆቢቶቹ ሲመለሱ አገራቸው እንደ ነበረች ለምለም ሆና ትቆያቸዋለች፤ ሳሩማንም ረዘም ባለው ቅጂ በዚያው በግንቡ ላይ ይሞታል፤ በሲኒማ ቤት በታየው ላይ ግን መሞቱ እንኳ አይታይም። ፊልም የጊዜ ችግር እንዳለበት እናውቃለን። ቢሆንም የጠፋው ነገር ትንሽ አይደለም። በፊልሙ ክፋት ማለት ሩቅ ያለ ግንብ ነው፤ ግንቡ ሲወድቅ ነገሩ ያልቃል። በመጽሐፉ ግን ግንቡ ከወደቀ በኋላ የሚመጣ፣ የቤታችንን መንገድ የሚያውቅ ሰው አለ። ፊልሙን ብቻ ያዩ ጓደኞቻችን መጽሐፉን አውቀነዋል ባይሉ እንመርጣለን።

ሌላውን መንገድ ማየት የሚፈልግ የሕንዶችን ታላቅ ድርሳን ማሃብሃራታን ይመልከት። ድሮናና ድሩፓዳ በአንድ መምህር ሥር አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ነበሩ። መምህሩም የድሮና አባት ነበር። ድሩፓዳ ስነግሥ መንግሥቴን አካፍልሃለሁ ብሎት ነበር። ነገሠ። ድሮና ደኸየ፤ ልጁ ወተት ሲጠይቅ ልጆች ዱቄት በውኃ በጥብጠው ሰጥተው ሳቁበት። ድሮና ወደ ጓደኛው ቢሄድ፣ በንጉሥና በድኻ መካከል ወዳጅነት የለም ተባለ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ከዚያች ቃል ይወጣል። ድሮና የመሳፍንት ልጆችን ጦር አስተምሮ ለደመወዙ ድሩፓዳን አስማርኮ አስመጣው፤ ግማሽ መንግሥቱን ወሰደበት፤ አሁን እኩል ስለ ሆንን ወዳጅ ልንሆን እንችላለን አለው። ድሩፓዳ በመሥዋዕት እሳት ፊት ድሮናን የሚገድል ልጅ ለመነ፤ ተሰጠው። በጦርነቱ ድሮና ድሩፓዳን ገደለ፤ የድሩፓዳ ልጅ ድሮናን ገደለ፤ የድሮና ልጅ ደግሞ በሌሊት ገብቶ የድሩፓዳን ልጅና አምስት የልጅ ልጆቹን በተኙበት ጨረሳቸው። ያ ሁሉ ሲሆን ከጥንቱ ሁለት ተማሪዎች አንዳቸውም በሕይወት አልነበሩም።

እዚህ ድረስ ስለ ሩቅ ተናገርን። የዚህ ዓይነት መጽሔት ግን ስለ ጓደኛሞች መጣላት ሲጽፍ የገዛ ቤቱን ታሪክ ዘልሎ ሊያልፍ አይችልም። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ፣ በኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅትም በ1964 ዓ.ም. በበርሊን የተመሠረቱት ከአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ በወጡ ሰዎች ነው። በአንድ ክበብ ተወያይተዋል፤ እንደዚህ ያሉ በእጅ የሚባዙ ጽሑፎችን እያነበቡ አድገዋል፤ «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር አብረው ይዘዋል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከወታደራዊው መንግሥት ጋር መሥራት ይገባል አይገባም በሚለው ተለያዩ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በጥይት ይፈላለጉ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ሲወጣ እሱም በተራው ታደነ፤ ደርጉም ሁለቱንም በላቸው። ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን እንተወዋለን። እኛን የሚያስጨንቀን የአነጋገራቸው ነገር ነው። የያኔውን ጽሑፋቸውን ያነበበ ሰው እርስ በርስ ሲዘላለፉ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ካወጡት ስድብ የበለጠ መራራ ሆኖ ያገኘዋል። እንዲያ የሚጽፍ የሚተዋወቅ ሰው ብቻ ነው።

ሽማግሌ የገባበት፣ ዋስ የተጠራበት ጊዜ ግን አልተገኘም። ማን ይቀመጥ? ከሁለቱ ወገን የማይቆጠር ሰው ሁሉ ከሃዲ ተብሎ ነበር።

ፕሮፌሰር ቶልኪንን እስካሁን አመስግነናቸዋል፤ አሁን የምንነቅፋቸው ነገር አለ። ሆቢቶቹ ወደ ሻየር ሲቃረቡ ጋንዳልፍ አብሯቸው ነበር። ሳሩማን በዚያ አካባቢ አንድ ክፉ ነገር ሳያደርግ እንዳልቀረ ይጠረጥራል። ይሁን እንጂ ከመንገድ ተለይቶ ቦምባዲል የተባለ አሮጌ ወዳጁን ለማነጋገር ይሄዳል፤ እናንተ አድጋችኋል፣ እኔ አላስፈልጋችሁም ይላቸዋል። ደራሲው ይህን ያደረጉት ሆቢቶቹ ራሳቸውን የቻሉ መሆናቸውን ለማሳየት እንደ ሆነ ይገባናል፤ ለታሪኩም ያምራል። ለነገሩ እውነት ግን አያምርም። ቂሙ የተጸነሰው በሳሩማንና በጋንዳልፍ መካከል ነው። የቀለበቱም፣ የትምባሆውም፣ የተሰበረውም በትር ነገር የሁለቱ ነው። አሥራ ዘጠኙ ሟቾች ግን ገበሬዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሳሩማን የሚባል ሰው መኖሩን አያውቁም ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጆቻቸውን በየመንገዱ ሲፈልጉ የነበሩ እናቶች ሐምቡርግ የት እንደ ሆነች አያውቁም ነበር።

ጋንዳልፍ በግንቡ በር ላይ ያሳየውን ድፍረት አንክድበትም። ነገር ግን የወዳጁ በቀል ወዴት እንደሚሄድ መገመት ከሚችል ሰው ሌላ ሁለተኛ መገናኘት ይጠበቅበት ነበር፤ በዚያ በቆሻሻው ወፍጮ አጠገብ፣ በትሩ ሳይሆን እግሩ ደክሞ፣ ከፍሮዶ ጎን ቆሞ። ሳሩማን ሊሰማው የሚችለው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ ባይሰማው እንኳ ቢላዋው ወደ ትክክለኛው ሰው ይሰነዘር ነበር። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቻችን በዚህ አይስማሙም፤ ጋንዳልፍ ቢገኝ ሳሩማን በንዴት የባሰ ያደርግ ነበር ይላሉ። ክርክራቸውን በጽሑፍ ካመጡልን በሚቀጥለው እትም ይወጣል፤ ከሁለት ገጽ ግን ባይበልጥ እንወዳለን፤ ወረቀቱ ከየት እንደሚመጣ ከላይ ተናግረናል።